የክበባት ዘገባ፦ የዓሣ አጥማጆች ክበብ

ዘንድሮ ወላጆች ስለ ክበባችን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ታዲያ ዓሣው የታለ?» ልጆቹ በወር አንድ ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ ከለንደን ኤሴክስ ድረስ ሄደው፣ ዝናብ ሲወርድባቸው ውለው፣ ማታ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከባሕር ዳር የመጡ አንዲት አያት ነገሩን ሳስረዳቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ።

«ይዛችሁ፣ መዝናችሁ፣ መልሳችሁ ውኃ ውስጥ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምነው፣ ዓሣው ምን አደረጋችሁ?»

ጣና ዳር ላደገ ሰው መልስ መስጠት ከባድ ነው። የምናጠምድበት ሐይቅ ሰው የቆፈረው ነው፤ ካርፕ፣ ሮችና ብሪም የሚባሉት ዓሦችም ተገዝተው የተለቀቁበት ናቸው። የቀን ሒሳብ የከፈለ ሁሉ የያዘውን ይዞ ቢሄድ ለባለቤቱ የሚተርፈው ጭቃ ነው። ስለዚህ መንጠቆው ጥርስ የለውም፣ ዓሣ የሚነካ እጅ አስቀድሞ ይረጥባል፤ በደረቅ እጅ ሲያዝ ከቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ይላጣል። ካርፕ ራሱ ለእንግሊዝ እንደኛው መጤ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከአውሮፓ ምድር መጥቶ፣ መነኮሳት ሥጋ ለማይበላበት የጾም ቀን በኩሬ ያረቡት ነበር። ወደኛም አገር ተሻግሮ ቆቃ ውስጥ ይገኛል። ይህን ስነግራቸው እማማ ትንሽ ለዘብ አሉ።

የምናጠምደው በዘንግ ነው። ክር የሚጠቀልል መዘውር የለውም፤ ሸምበቆ ቆርጦ ጫፉ ላይ ክር ያሰረ የገጠር ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ ዘንጉ ካርቦን መሆኑና በጫፉ በኩል ባለው ባዶ ውስጥ ላስቲክ መዘርጋቱ ነው። ዓሣው ሲሮጥ ላስቲኩ እየተሳበ ይወጣል፣ ሲደክም ይመለሳል። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች እስከ 16 ሜትር የሚደርስ ይይዛሉ። እኛ ላስቲክ የሌላቸው ባለ 4 ሜትር ቀጫጭን ዘንጎችና ከሰው እጅ የገዛናቸው ሁለት ባለ 8 ሜትር ነበሩን፤ ለዘጠኝ ልጆች። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከኤሌክትሪክ መስመር 30 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው ብዬ በየጉዞው ደግሜያለሁ። ልጆቹ አሁን ከእኔ ቀድመው ይሉታል፤ ይበሉት።

የማጥመጃ ፈቃዱ ነገር ብዙም አላስቸገረንም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉት በነጻ ይሰጣል፣ ከ13 በታች ላሉት አያስፈልግም። ያስቸገረን ቃል ነው። በመጀመሪያው ቀን የውኃውን ጥልቀት ልንለካ አንዱን ልጅ «እርሳስ አምጣ» ብለው ከነመቅረጫው የሚጻፍበትን ይዞልኝ መጣ። ለነገሩ እሱም አልተሳሳተም። እዚህ አገር ስዋን የሚባሉት ትልልቅ የውኃ ወፎች እየዋጡት ይመረዙ ስለነበር ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሹን የማጥመጃ እርሳስ መሸጥ ክልክል ነው፤ የእኛም እርሳስ ከሌላ ብረት የተሠራ ነው። እርሳስ ያልሆነ እርሳስ ከመንጠቆው ጋር ወርዶ መሬቱን እስኪነካ ክሩ ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ወደላይና ወደታች ማስተካከል ከሁሉ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን የዘለለ ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓሣ በሌለበት ከፍታ ላይ ትል ሲያጥብ ይውላል።

ትል ካልኩ አይቀር፣ የጥቅምቱን ጉድ ልናገርና ይውጣልኝ። አንድ ሊትር ትል፣ ማለትም ለማጥመጃ የሚሸጥ የዝንብ እጭ፣ ለጉዞው ገዝቼ ማታውን መኪና ውስጥ አሳደርኩ። ሣጥኑ ክዳኑ አልገጠመም፣ በዝናቡም ርሷል። ደረቅ ትል የፕላስቲክ ግድግዳ አይወጣም፤ የረጠበ ግን እንደ ተራራ ወጪ ነው። ጠዋት በር ስከፍት ወንበሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ያመለጡት ከሳምንታት በኋላ ዝንብ ሆነው መንገድ ላይ ተነሡብኝ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን በየተራ በልጆቹ ቤት ፍሪጅ እናሳድር ብዬ ነበር። አንዲት እናት የሰጡኝን መልስ እዚህ ማተም አይቻልም።

የመጀመሪያው ውድድር ኅዳር ላይ ነበር፤ ከአንዱ ልጅ በቀር ስምንታችን ዜሮ ገባን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕጣ አውጥተን፣ ቁጥር በተጻፈበት ቦታችን ተቀምጠን፣ ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም ዓሣ ለመሳብ የሚበተነውን ምግብ በእፍኝ እያነሣን ወረወርን። ሐበሻ እንግዳ ሲያይ እንደሚያደርገው «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያልን ነው ያጎረስናቸው። ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓሣ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ጠግቦ ሄደ። አጠገባችን ያለው የሌላ ክበብ ልጅ ፔሌት ከሚባለው እንክብል የዓሣ ምግብ አምስት አምስት ፍሬ በየደቂቃው ጠብ እያደረገ ስድስት ካርፕ ያዘ። የብርዱን ወራት በሙሉ የተለማመድነው ይህንን ነው፦ መሰሰት። ለልጆቻችን ከሁሉ የከበዳቸውም ይኸው ነው።

ሐምሌ ላይ በተደረገው የመጨረሻ ውድድር ከ14 ልጆች መካከል አምስቱ የእኛ ነበሩ። የ11 ዓመቷ ተማሪያችን የወጣላት ዕጣ መጥፎ ነበር፤ ነፋስ ፊት ለፊት። ፊሽካው ከተነፋ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ የነበራት ጣት ጣት የሚያካክሉ አራት ሮች ናቸው። ለመጨረሻው ሰዓት ግን ከሸምበቆው ሥር፣ ከእግሯ ሦስት ሜትር የማይርቅ ቦታ አስቀድማ ለክታ፣ ስድስት ስድስት ፍሬ በቆሎ ስትጥልበት ቆይታለች። ዘንጉን አሳጥራ እዚያ አስገባች። የተንሳፋፊዋ ጫፍ ከውኃው በላይ የክብሪት ራስ ያህል ብቻ ነው የሚታየው። አንዴ ተነቀነቀ፤ አልነካችውም። ሁለተኛ ተነቀነቀ፤ አልነካችውም። ከዚያ ጠፋ፣ ዘንጉን ቀና አደረገች፣ ቀዩ ላስቲክ እየተሳበ ወጣ።

እዚህ ላይ እንደ አማርኛ መምህር የምለው አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማጥበቅና ማላላት ሳስተምር «ይጠብቃል» ላይ ስንደርስ ክፍሉ ያዛጋል። «ብ» ሲጠብቅ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ «ብ» ሲላላ ገመዱ ይጠብቃል። ገመድ የሚጠብቀው ፊደሉ ሲላላ መሆኑ ለማንም ገብቶት አያውቅም። ልጅቷ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል፦ «ጋሼ፣ ላስቲኩ ይጠብቃል፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለችኝ። ሁለቱንም በየአነባበቡ። በክፍል በክፍል የተሰካካውን ዘንግ ወደ ኋላ እየሳበች ከጫፉ ክፍል ለያየችው፣ ካርፑ ሁለት ጊዜ ወደ ሸምበቆው ሊገባ ሞክሮ ተመለሰ፣ መረቡን ከሥሩ አስገባች። በቀረው ጊዜ ሁለት ደገመች።

ሚዛን የያዙት ሰዎች በየቦታው እየዞሩ መዘኑ። እዚህ ውድድሩ አሁንም በፓውንድና በአውንስ ነው፤ 16 አውንስ አንድ ፓውንድ መሆኑን ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ያልተማሩትን እኔ አስተማርኩ። 11 ፓውንድ ከ6 አውንስ፣ በኪሎ አምስት አለፍ የሚል። አራተኛ ወጣች። ሌሎቹ አራቱ ከዘጠነኛ በታች ናቸው፤ ሁለቱ እንደገና በእፍኝ ሲወረውሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እማማ ያን ቀን አብረውን ነበሩ። ካርፖቹ ሲለቀቁ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ለሚቀጥለው ዓመት ሦስት አዲስ ልጆች ተመዝግበዋል። ያገለገለ ባለ 8 ሜትር ዘንግ ያለው ሰው ቢያውሰን ደስ ይለናል። የትሉ ሣጥን በማን ፍሪጅ እንደሚያድር ግን እስካሁን አልተወሰነም።