አባዬ፣ ስለዚያ ቪዲዮ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ግፊትህ ወረድ ማለቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። ያ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ሬስሊንግ ስጫወት የሚያሳየውን ቪዲዮ ካሳየህ ወዲህ ደህንነቴን እንደምትጠራጠር ስለገባኝ ነው።

በስልክ ላስረዳህ ስሞክር "እሱን ተይው፣ ምሳ በልተሻል?" እያልክ ትቆርጠኛለህ። ስለዚህ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል። መነጽርህን አድርግ፣ ሻይም አስቀርብ።

ያቺ ብድግ አድርጋ ወለሉ ላይ ያፈረጠችኝ ልጅ ወዳጄ ናት። በዚያው ማታ አብረን እራት በልተናል፣ ሂሳቡንም የከፈለችው እሷ ናት። ጥርሷን የምታፋጨው፣ ፀጉሬን የምትጎትተው ለተመልካቹ ነው። እኔም የምጮኸው ለተመልካቹ ነው። በመሀል ጆሮዬ ላይ "ደህና ነሽ?" ትለኛለች፤ ቪዲዮው ላይ አይሰማም እንጂ። እጇን ጨበጥ ካደረግኩ ደህና ነኝ ማለት ነው።

"ወለሉ ቤት የፈረሰ ያህል ጮኸ" አልከኝ። እንዲጮህ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከታች የብረት አውታር አለ፣ ከሱ በላይ ጣውላ፣ ከጣውላው በላይ ስስ ስፖንጅ፣ መጨረሻ ላይ ሸራ። ስፖንጅ ስልህ ፍራሽ እንዳይመስልህ፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣትህ ብዙም አይበልጥም። ሪንጉን የከበበው ገመድም ብዙ ቦታ የብረት ኬብል ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያለብሱትና በቴፕ ይጠቀልሉታል። ጀርባዬ ላይ ያየኸው የበለዘ መስመር ከሱ የመጣ ነው። ማንም አልደበደበኝም።

መጀመሪያ የሚያስተምሩን መማታት ሳይሆን መውደቅ ነው። አገጭህን ደረትህ ላይ ትለጥፋለህ፣ አናትህ ወለሉን እንዳይነካ። ትንፋሽህን ታወጣለህ። ጀርባህ በሙሉ እኩል እንዲያርፍ ታደርጋለህ፣ በሁለት መዳፍህም ወለሉን በጥፊ ትላለህ። ከዚያ ትነሳና እንደገና ትወድቃለህ። ማታውን ሙሉ። በዚያ ሰሞን ጠዋት አንገቴ ከትራስ አልነሳ ይለኝና ፀጉሬን በእጄ ይዤ ጭንቅላቴን እጎትተው ነበር። አንተ ያኔ "በሥራ ደክሟት ነው" ብለህ ሻይ በዝንጅብል ታፈላልኝ ነበር።

"ታዲያ የውሸት ነው ማለት ነው?" ትለኛለህ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመን እናውቃለን። ይህ ምስጢር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ1989 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ ራሱ ለኒው ጀርሲ ሴኔት "ይህ መዝናኛ ነው፣ የስፖርት ውድድር አይደለም" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ለእውነት ተጨንቆ አይደለም። ከስፖርት ኮሚሽኑ ቁጥጥርና ክፍያ ለመውጣት ነው። ደረት ላይ የሚያርፈው ጥፊ ግን የእውነት ጥፊ ነው። እሱን አስመስሎ መምታት የቻለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽህም። በ2009 ሚትሱሃሩ ሚሳዋ የሚባል ጃፓናዊ፣ በዚህ ሥራ ከታዩት ምርጦች አንዱ፣ ሂሮሺማ ላይ ጨዋታ መሀል ወድቆ ሞተ። 46 ዓመቱ ነበር። የወደቀውም ዕድሜ ልኩን ሲወድቀው የኖረውን ዓይነት አወዳደቅ ነው። ይህን የምጽፍልህ ሌላ ሰው አጋኖ ከሚነግርህ እኔ ብነግርህ ስለሚሻል ነው። የራሴ ደንብ አለኝ። ጠጥቶ ከመጣ ሰው ጋር ሪንግ አልገባም። አናቴ ከተመታ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፣ አዘጋጁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ልብሱን በተመለከተ፣ ከዋና ልብስ የተሻለ ይሸፍናል። በዚህ አልከራከርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ዋናው ጭንቀትህ እሱ መሆኑን አውቃለሁ። የኔ ዓይነቱን "ኢንዲ" ነው የምንለው። ቋሚ ኮንትራት የለም። አዘጋጁ ይደውላል፣ ዋጋ ትነጋገራለህ፣ ትሄዳለህ። ሰኞ እስከ አርብ እንደምታውቀው የጥርስ ሐኪሙ ቤት ነኝ፤ የጤና ኢንሹራንሴም የሚመጣው ከዚያ ነው። አርብ ማታ አራት ሆነን አንድ መኪና ውስጥ እንታጨቅና ቤንዚኑን ተካፍለን ወደ ፔንሲልቫኒያ ወይም ወደ ካሮላይና እንነዳለን። ቦታው የጡረተኛ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤት ጂም ነው። ሪንጉን ብዙ ጊዜ የምንገጥመው እኛው ነን። መቶ፣ ሁለት መቶ ሰው ይገባል። ስጀምር ክፍያዬ ሆት ዶግና "አመሰግናለሁ" ነበር። ዛሬ በጥሩ ማታ ሁለት መቶ ዶላር አገኛለሁ። ከዚያ የሚበልጠው ግን የቲሸርቱ ጠረጴዛ ነው። ላቤ ሳይደርቅ እቆማለሁ፣ ፎቶ እነሳለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እሸጣለሁ። ሪንግ ላይ ሲሰድበኝ ያመሸ ሰውዬ መጥቶ በትህትና "ላርጅ አለሽ?" ይለኛል።

አንዱ አዘጋጅ ሰው ሳይገባለት ቀርቶ በጓሮ በር ወጥቶ ጠፋብን። የበሩን ገንዘብ ይዞ! በጣም ተናደድኩ። ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። ታክሲ ስትነዳ ሜሪላንድ ድረስ ወስደኸው ሳይከፍል በሩን ከፍቶ የሮጠውን ተሳፋሪ ስታወራ እየሳቅክ ነበር የምታወራው።

"ቋሚ ሥራ ያዢ" ትለኛለህ። አባዬ፣ አንተስ መቼ ቋሚ ሥራ ነበረህ? መኪናው የራስህ፣ ቤንዚኑ የራስህ፣ ጥገናው የራስህ፣ የወገብ ሕመሙም የራስህ። ዋሽንግተን ታክሲ በዞን በሚከፈልበት ዘመን ካርታውን በቃልህ ታውቀው ነበር። በ2008 ሜትር መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ኡበር መጣ። ገበያው ሲገለበጥ አይተህ "ቢሆንም አለቃ የለብኝም" ትል ነበር። ግብር ሲደርስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረሰኝ ዘርግተህ ስትደምር አጠገብህ ቁጭ ብዬ በቀን በቀኑ እለይልህ ነበር። እኔም ዛሬ የተቋራጭ ገቢ የሚመዘገብበትን 1099 የሚባል የግብር ቅጼን ይዤ ተመሳሳይ ነገር አደርጋለሁ። የነዳሁትን ማይል፣ የጫማውን፣ የቴፑን። ሒሳቡን የተማርኩት ካንተ ነው።

ሌላም ልንገርህ፣ ይህ እንኳ ያስቅሃል። በቴሌቪዥን የምታያቸው የደብሊው ደብሊው ኢ ሰዎችም በወረቀት ላይ እንደኔው ተቋራጮች እንጂ ተቀጣሪዎች አይደሉም። ያ ሁሉ ገንዘብ እያለ! በ1986 ጄሲ ቬንቹራ የሚባለው ሬስለር መልበሻ ክፍል ውስጥ ተነስቶ "የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም" አለ። በማግስቱ ወሬው አለቃው ጋ ደርሷል። ቬንቹራ እንደሚለው፣ ወሬውን ያቀበለው የዘመኑ ትልቅ ኮከብ ሃልክ ሆጋን መሆኑን ያወቀው ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ነው። ማኅበሩ እስከ ዛሬ የለም። ቬንቹራ ግን በ1998 የሚኒሶታ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። የታክሲ ማኅበራችሁን ስብሰባ እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው፤ እዚያም ወሬ አቀባይ አልጠፋም ነበር።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። ስጀምር አንድ አዘጋጅ "ከአፍሪካ ነሽ አይደል?" አለኝና የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅና ጦር አመጣልኝ። ፊቴን ቀለም ተቀብቼ እንድጮህ ነበር የፈለገው። ንግግር አያስፈልግሽም አለኝ። በዚህ ሙያ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ካማላ የሚባለው "የኡጋንዳው ግዙፍ" የሚሲሲፒ ሰው ነበር፤ ሆዱ ላይ ጨረቃና ኮከብ ይስሉበት ነበር። "የሱዳኑ እብድ" ተብሎ የተሸጠው አብዱላ ዘ ቡቸር ደግሞ ካናዳዊ ነው። እምቢ አልኩ። ጥቂት ጨዋታዎች ቀሩብኝ፣ ይቅሩ።

ስለዚህ የራሴን ገጸ ባሕርይ ፈጠርኩ። ኩሩ እመቤት ነኝ። ወደ ሪንጉ የምገባው ወርቃማ ጥለት ያለው የሐበሻ ካባ ደርቤ ነው። ሕዝቡ ተነስቶ እንዲቀበለኝ አዛለሁ፣ ማንም አይነሳም፣ እቆጣለሁ። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ የገዛችልኝ አክስቴ ናት። ለሠርግ መስሏት ነው የላከችው፤ አደራ እንዳትነግራት። ክፉዋ እኔ ስለሆንኩ መሰደብ ሥራዬ ነው። ሲሰድቡኝ በአማርኛ እመልስላቸዋለሁ። የምመልሰውም አንተ መሪ ይዘህ የምትለውን ነው። "ዞር በል አንተ ደንቆሮ!" "ዓይንህ የት ነው?" የፔንሲልቫኒያ ገበሬ ቃሉ ባይገባውም መሰደቡ ይገባዋል፣ ያብዳል። አንድ ጊዜ ባልቲሞር አካባቢ ግን ከኋላ ወንበር አንድ ሐበሻ ሰውዬ "ኧረ ይቺ ልጅ ባለጌ ናት!" ብሎ ሲጮህ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ፊቴን ገመዱ ላይ ደፍቼ ያመመኝ መሰልኩ።

ኮፊ ኪንግስተን የሚባል አለ፤ ጋና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ። በ2008 ትልቁ ኩባንያ ቴሌቪዥን ላይ ሲያወጣው "ጃማይካዊ ነው" ብሎ ነበር፣ ከነአነጋገሩ። በ2019 ኒው ጀርሲ ላይ፣ ሬስልማኒያ በሚባለው የኩባንያው ታላቅ ዓመታዊ ዝግጅት፣ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ገባ በተባለበት ስታዲየም፣ ዋናውን የሻምፒዮንነት ቀበቶ የወሰደው ግን በጋናዊነቱ ነው። የተቀበለው ደግሞ ከዳንኤል ብራያን ነው፤ በ1999 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል እንደኛ ባሉ አዳራሾች የወደቀና የተነሳ ሰው። በዚያው ማታ የመዝጊያውን ግጥሚያ የተጫወቱት ሴቶች ነበሩ፣ በሬስልማኒያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያሸነፈችው ቤኪ ሊንች አየርላንዳዊት ናት። አናቷን ተጎድታ ሬስሊንግ ትታ በነበረ ጊዜ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበረች። አንተ "ሆስተስ ብትሆኚ ምን አለ" ስትለኝ የኖርክበትን ሥራ ማለት ነው። ትታው ተመለሰች።

እኔንም ይጠሩኛል ብዬ አይደለም ይህን የምተርከው። በ2018 ቺካጎ አጠገብ ጥቂት ሬስለሮች ያለ ትልቁ ኩባንያ የራሳቸውን ዝግጅት አድርገው 11,263 ሰው አስገብተዋል፤ ትኬቱ በግማሽ ሰዓት አለቀ። በዓመቱ ሌላ ትልቅ ኩባንያ ተቋቋመ፣ ሥራም ሰፋ። ግን የሚፈልጉት ሃያ ዓመት የሆናትን ነው። እኔ የአዳራሾቹ ሬስለር ነኝ፣ ተስማምቶኛል። ማክሰኞ ማታ ጀማሪ ልጃገረዶችን መውደቅ አስተምራለሁ። ትከሻዬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል። እሁድ ጠዋት ደረጃ የምወርደው በጎን ነው። መቼ እንደማቆም ቀን ቆርጬ አልነግርህም፤ አንተም መኪናውን ሽጥ ስንልህ ቀን አልቆረጥክልንም።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ለእድሩ ሰዎች "ነርስ ናት" ብለሃል አሉ። ባለፈው ጎረቤትህ ደውለው "የስኳር መድኃኒቴን ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምወስደው?" አሉኝ። "ሐኪምዎን ይጠይቁ" ብዬ አመለጥኩ። በማግስቱ የላብራቶሪ ውጤታቸውን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። አባዬ፣ ሰው ይሞትብኛል! ሬስለር ማለቱ ከከበደህ "ስፖርተኛ ናት" በላቸው፤ ግማሹ እውነት ነው። "ተዋናይ ናት" ብትልም ግማሹ እውነት ነው። አንዱን ምረጥና እኔም እንዳልቃረንህ ንገረኝ።

በጥቅምት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። የግፊት መድኃኒትህን፣ ለጉልበትህም ማሰሪያ ልኬልሃለሁ። እኔ የምጠቀምበት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ያጠብቃል፣ በሳምንቱ ይላመዳል። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ እሰረው፣ ማታ ፍታው። ቲሸርቱ ኤክስ ኤል ነው፤ ምስሌ ስላለበት ቤተ ክርስቲያን አትልበሰው።

የምትወድህ ልጅህ