ለፓይን ባረንስ ጉዞ «ሜዳ ነው» ማለት አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በኒው ጀርሲ ፓይን ባረንስ የጥድ ደን ውስጥ ለሚደረግ የእግር ጉዞ የሚወጡ ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ «ሜዳ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል» ብለው ያልፋሉ። ሜዳነቱስ እውነት ነው፤ አፕል ፓይ ሂል የሚባለው ጉብታ እንኳ ከባሕር ወለል ከ200 ጫማ እምብዛም አይበልጥም። እዚያ ሰውን የሚጥለው ግን ዳገት ሳይሆን አሸዋው፣ የጥላው መሳሳትና የመንገዶቹ መመሳሰል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስታትሙ ከርቀቱ ጎን የመመለሻውን ሰዓትና እያንዳንዱ ሰው የሚይዘውን ውሃ እንድትጨምሩ እንጠይቃለን።

መካከለኛ ለሆነ የአንድ ቀን ጉዞ ባቶና ትሬይል በተባለው የእግር መንገድ ላይ ከካራንዛ ሐውልት ተነሥቶ አፕል ፓይ ሂል ደርሶ መመለስ ጥሩ ምርጫ ነው። ሐውልቱ ከኒው ዮርክ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሲበር ጁላይ 12 ቀን 1928 እዚያው ደን ውስጥ ወድቆ ለሞተው ሜክሲኳዊ አብራሪ ለኤሚልዮ ካራንዛ የቆመ ነው። ደርሶ መልሱ 8 ማይል ያህል ይሆናል። ከታበርናክል በኩል የሚመጣ መኪና እስከ ሐውልቱ በአስፋልት ይደርሳል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በስልክ ካርታ ላይ አቋራጭ የሚመስሉት የጫካ መንገዶች ልል አሸዋ ስለሆኑ ተራ መኪና ጎማው ይሰምጥና ይቀራል። ጎታች መኪናም በቀላሉ አይገባም።

ሰዓቱ እንዲህ ይሰላ። በጠንካራ መሬት በሰዓት 3 ማይል የሚሄድ ቡድን በዚህ አሸዋ ላይ 2 ማይል ቢሄድ ነው። ስለዚህ ለመንገዱ 4 ሰዓት፣ ለዕረፍት 1፣ ለመጠባበቂያ 1፣ በድምሩ 6 ሰዓት ይያዝ። በዲሴምበር መጀመሪያ ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 4:35 ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠዋቱ 9:30 የተነሣ ቡድን በ3:30 መኪናው ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ጉብታው ላይ ቢደረስም ባይደረስም 12:30 ላይ ፊት ይዞራል። ይህን ሰዓት ከመነሻው ሁሉም ይስማበት፤ መንገድ ላይ ክርክር ከተጀመረ የሚያሸንፈው «ትንሽ ነው የቀረው» የሚለው ነው። ጉብታው ላይ ያለው የእሳት መቃኛ ማማ ሠራተኛ በሌለበት ጊዜ ዝግ ስለሆነ እሱን ለመውጣት ብቻ ማንም አይምጣ።

መንገዱ በዛፎች ላይ በተቀባ ሮዝ ምልክት ይታወቃል። አንዱ ከሌላው ከፍ ብለው የተቀቡ ሁለት ምልክቶች መታጠፊያ አለ ማለት ነው። ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ስሕተት ነው፦ ቀጭኑ የእግር መንገድ ከሰፊ የአሸዋ መንገድ ጋር ይገናኝና ጥቂት አብሮ ሄዶ ይለያል፤ ወሬ የያዘ ቡድን ግን ሰፊውን ተከትሎ ቀጥ ይላል። 200 እርምጃ ያህል ምልክት ካላያችሁ ወደ መጨረሻው ምልክት ተመለሱ፤ ወደፊት እየሄዱ መፈለግ ያባብሰዋል። ሁሉም ጥድ አንድ ስለሚመስልና ከፍ ያለ ቦታ ስለሌለ በዓይን አቅጣጫ መያዝ አይቻልም። የስልክ ኔትወርክም ስለሚቆራረጥ ካርታው ቤት ሆኖ ስልክ ላይ ይጫን፤ የወረቀት ካርታም ይያዝ።

ውሃ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ለቀኑ 3 ሊትር ይታሰብ። የደኑ ጥላ ሳስ ያለ ነው፤ ነጩ አሸዋም ሙቀቱን መልሶ ይተፋል። የወንዞቹ ውሃ ሻይ የሚመስለው ከዕፅዋቱ በሚወጣው ታኒንና በብረት ምክንያት ነው፤ ቀለሙ ራሱ አይጎዳም። ነገር ግን ሳይጣራ አይጠጣ። የክሎሪን እንክብልም በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል።

መዥገር ከእባብ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ላይም የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ የምታስተላልፈው ጥቃቅኗ መዥገር ከሜይ እስከ ጁላይ ትበዛለች፤ ትልልቆቹ ደግሞ በመኸር፣ ብርዱ ሲላላም በክረምት ይንቀሳቀሳሉ። ፐርሜትሪን የተባለው ተባይ መግደያ (0.5 ከመቶው) ጫማና ልብስ ላይ ብቻ ይረጭና በደንብ ይድረቅ፤ ቆዳ ላይ ዲት የተባለው ተባይ ማባረሪያ ይቀባል። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይከተት፤ የመንገዱም መካከል ይያዝ እንጂ ቁጥቋጦ አይታከክ። ቤት ሲገባ ልብሱ ከመታጠቡ በፊት በማድረቂያ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ይዙር፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላና የፀጉር ሥር ይፈተሽ። የተጣበቀች መዥገር በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ሥር ተይዛ ቀጥ ብላ ትሳብ። ዘይት መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል ጊዜ ያባክናል፤ የላይም ባክቴሪያ ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅበት ፈጥኖ ማውጣቱ ነው የሚጠቅመው።

ስለ እሳት ሳንናገር አንጨርስም። ፒች ፓይን የተባለው የዚህ ደን ጥድ ከእሳት ጋር የኖረ ነው፤ ግንዱ ተቃጥሎ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የብዙዎቹም ፍሬ በሙጫ ታሽጎ ቆይቶ ሙቀት ሲያገኝ ይከፈታል። ለሰው ግን ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ያለው ጊዜ አስጊ ነው፤ ቅጠል ገና አልወጣም፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። የኤፕሪል 1963ም ሆነ የኤፕሪል 2025 ታላላቅ ቃጠሎዎች የደረሱት በዚሁ ወቅት ነው። በዋዜማው የኒው ጀርሲ የደን እሳት አገልግሎት ያወጣው የአደጋ ደረጃ ይታይ፤ ከፍተኛ ከሆነ ጉዞው ይሰረዝ። በዲሴምበር አጋዘን በጠመንጃ የሚታደንበትን ሳምንትም ዝለሉት፤ በሌላው የአደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ይለበስ።

አዘጋጁም የመንገዱን ስም፣ የመኪኖቹን ሰሌዳና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን 911 ጥሩ» የሚል ማስታወሻ ለቀረ ሰው ትቶ ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች