አምፔሩ ወረደ ማለት ውኃው ሞላ ማለት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጉድጓድ ውኃ ከፍታን በሞተር ሴንሰር ስለማወቅ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን በንዴት ነው።

«ውኃው ሲወርድ ሞተሩ ስለሚለፋ አምፔሩ ይጨምራል» ይላል፤ አምፔር ማለት ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። የጻፈው ልጅ አቃቂ ድረስ መጥቶ፣ ቡናዬን ጠጥቶ፣ ፎቶ አንስቶኝ ነው የሄደው። 19 ዓመት ፓምፕ ሳወጣና ሳወርድ፣ ሞተር ስጠቀልል የኖርኩት ሰውዬ «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ሆኜ ወጣሁ። እሺ፣ መኖሩንስ እኖራለሁ።

ነገሩን ከነዳጅ ጉድጓድ ነው ያመጣው። እዚያ ጭንቅላቱን የሚነቀንቀው ማሽን በረጅም የብረት ዘንግ ከታች ያለውን ፒስተን ይጎትታል። የጉድጓዱ ፈሳሽ ከሥር እየገፋ ያግዘዋል። ፈሳሹ ሲወርድ እገዛው ይቀንሳል፤ ሞተሩ ወደ ላይ ሲጎትት ይከብደዋል። ሴንሰሩም የፈሳሹን ከፍታ የሚገምተው ከዚህ ተነስቶ ነው። እዚያም ቢሆን ፈሳሹ ፓምፑን መሙላት ሲያቅተው ጭነቱ ተመልሶ ይወርዳል።

የእኛ ሰብመርሲብል፣ ከነሞተሩ ጉድጓዱ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ፓምፕ፣ ግን ፒስተን የለውም። ውኃውን የሚገፋው ኢምፔለር በሚባል በሚሽከረከር ክንፍ ነው። ውኃው ሲወርድ ሽቅብ የሚገፋበት ርቀት ይጨምራል፤ የሚያወጣው ውኃ ያንሳል። ውኃው ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ አምፔሩም ይወርዳል። 30 አምፔር የለመደ ሞተር 20 ካሳየኝ ሮጬ አጠፋለሁ። በእናንተ ዘገባ የሚመራ ጥበቃ ግን «ተመስገን፣ ጉድጓዱ ሞላ» ብሎ ይተኛል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በጎኑ የሚያልፈው ውኃ ስለሆነ፣ ጠዋት ተቃጥሎ ያገኘዋል። የተቃጠለ ሞተር የምጠቀልለው እኔ ነኝና ለገበያዬ ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ።

ደግሞ የእኛ ሰፈር መብራት ማታ ማታ ይደክማል። ቮልቴጅ ሲወርድ ጉድጓዱ ምንም ሳይሆን አምፔሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ አምፔሩንና ቮልቴጁን አብሮ ማየት ነው። ይህንንም ነግሬዋለሁ። ደብተሩ ላይ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንዳስገባው እሱ ያውቃል።

ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ ፎቶውንም ቀይሩልኝ። «እንዲያምር» ብሎ ሦስቱን የሞተር ሽቦ አንድ ላይ በሜትሩ፣ ሽቦ አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ፣ አሳቀፈኝ። የሚለካው አንድ አንዱ ሽቦ ለብቻው ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታቀፉ ሜትሩ ዜሮ ነው የሚያነበው፤ ፎቶው ላይም ዜሮው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሙያ ጓደኞቼ ከዚያ ቀን ወዲህ «ዜሮ» ነው የሚሉኝ።

አንድ የአካባቢው ነዋሪ
ከአቃቂ