በክር የሄደ ዘፈን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ሩሲያዊው ዘፋኝና ገጣሚ አሌክሳንድር ጋሊች «ሬድዮ ሳያጫውተው እንዴት አገር ሙሉ አወቀው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የማስቀምጥልሽ።

ሰውየው የተገፋ ድሃ አልነበረም። በ1918 የተወለደው አሌክሳንድር ጊንዝቡርግ ሞስኮ ውስጥ ደልቶት የሚኖር የቲያትርና የፊልም ደራሲ ነበር። «ጋሊች»ን ከራሱ ስም፣ ከአባቱ ስምና ከቤተሰብ ስሙ ቆራርጦ ነው የሰፋው። በ1962 ወደ ሌኒንግራድ በሚሄድ የሌሊት ባቡር ላይ ሬድዮ የማያጫውተውን ዓይነት ዘፈን ጀመረ፤ የመጀመሪያው «ሌኖችካ» ነው። ታሪኩን ስሚኝማ፦ ሌና የምትባል የሞስኮ ፖሊስ ሌሊት ዘብ ቆማ ሳለ የእንግዶች መኪና ያልፋል። ከውስጡ አንድ መልከ መልካም ኢትዮጵያዊ አበባ ይወረውርላታል። በማግስቱ ከፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ትጠራለች፤ መጨረሻዋም የንጉሥ ሚስት መሆን ነው። ጋሊች ማዕረጓን ከ«ሻህ» አምጥቶ የፋርስ አደረገው እንጂ ቀልዱስ ይጥማል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በሶቪየት ኅብረት ማተሚያ ቤቱም፣ ሸክላ ማተሚያውም፣ ሬድዮውም የመንግሥት ነበር። ቴፕ ሪከርደር ግን እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ሱቅ ይሸጥ ነበር። ሳንሱሩ ያልደፈነው ቀዳዳ ይህ ነው። ጋሊች ራሱ በአንድ ዘፈኑ ውስጥ «ያውዛ» የተባለውን ቴፕ፣ በካርቦን አራት ቅጂ ከምታወጣው «ኤሪካ» የጽሕፈት መኪና ጋር በስሙ ያነሳዋል።

አንድ ሰው ቤት እንግዶች ይጠራሉ፤ ጋሊችም ይዘፍንላቸዋል። ማይክራፎኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቴፑ ግን እዚያው ላይ መቀመጥ የለበትም፤ የሞተሩ ንዝረት በእንጨቱ አልፎ ከግጥሙ ሥር ሲያጉረመርም ይቀራል። 250 ሜትር ክር (ድምፅ የሚቀዳበት ጥብጣብ) በሴኮንድ 19.05 ሳንቲ ሜትር ከሄደ 22 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ በ9.53 ከሄደ 44 ያህል። ክር ለመቆጠብ ዝግ ያለውን ፍጥነት የመረጠ፣ «ስ» እና «ጽ»ን የመሳሰሉት ቀጫጭን ድምፆች ይደበዝዙበታል። ቅጂ ለማውጣት ደግሞ ሁለት ቴፕ በሽቦ ይገናኛል፤ የአንድ ሰዓት ዘፈን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ሹሹታው ይጨምራል። ካሴት ያስቀዳ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ችግሩ ሹሹታው ብቻ አይደለም። ቅጂው የሚቀዳበት ቴፕ ሞተር ከዘገየ ጎርናናው ጋሊች ቅጂው ላይ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። የክሩ ስፋት ለአራት መስመር ተከፍሎ የተቀዳውን፣ ለሁለት መስመር በተሠራ ቴፕ ያጫወተ ደግሞ የሌላውን ገጽ ድምፅ ከኋላ ወደ ፊት ሲንጫጫ አብሮ ይሰማል። ክሩ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ በሰያፍ ይቆርጡና ጥቂት ደርበው ያልተበረዘ የአቼቶ አሲድ ይነኩታል፤ የአሴቴት ክር በአሲዱ ሟሙቶ ይያያዛል። በፖሊስተር ክር ላይ ግን አይሠራም። በተራ ፕላስተር ከለጠፉት ሙጫው ይወጣና የቴፑን ራስ ይለቀልቀዋል።

የነዚያን ዘፈኖች መልክ የሠራው ይህ መንገድ ይመስለኛል። ጊታሩ ጥቂት ኮርድ ነው፤ ድምፁ ከፊት ሆኖ ከመዝፈን ይልቅ ያወራል። ኦርኬስትራ ቢኖረው አምስተኛው ቅጂ ላይ ጭቃ ይሆን ነበር። ሰምና ወርቅ እንዳትፈልጊበት፤ ወርቁን በግልጽ ለፈጠረው ገጸ ባሕርይ ሰጥቶ ያስወራዋል። ለምሳሌ በአንዱ ዘፈን ክሊም ፔትሮቪች የሚባለው ሠራተኛ ለሰላም ስብሰባ ንግግር እንዲያነብ ይላካል፤ ወረቀቱ ተቀያይሮ የሴት ንግግር ይደርሰዋል። መድረክ ላይ ቆሞ «እንደ እናት፣ እንደ ሴት» ብሎ ያነበንባል። ከአዳራሹ የሚስቅ የለም፤ ይጨበጨብለታል። ይህን በጭብጨባ ስብሰባ ያደገ የኛ አገር ሰው ማብራሪያ አይጠይቅበትም።

በመጋቢት 1968 ኖቮሲቢርስክ አጠገብ ባለችው የሳይንቲስቶች ከተማ አካዴምጎሮዶክ መድረክ አገኘ። ስለ ገጣሚውና ደራሲው ፓስተርናክ የገጠመውን ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ መድረክ በአገሩ አላገኘም። አንድ የፖሊት ቢሮ አባል በልጁ ሠርግ ላይ የጋሊች ክር ሲጫወት ሰምቶ ተቆጣ እየተባለ ይተረካል። ያም ሆነ ይህ ታኅሣሥ 29 ቀን 1971 ከደራስያን ማኅበር ተባረረ፤ በተከታዩ የካቲት ከፊልም ሠራተኞች ማኅበር።

ይህን መታወቂያ እንደ መንጠቅ ብቻ አትይው። ያኔ እዚያ አገር ለደራሲ የማኅበር አባል መሆን ማለት «ሥራ አለኝ» ማለት ነበር። አባልነቱ ሲነሳ የሙያ ክፍያው ይቆም፣ የማኅበሩ ክሊኒክ ይዘጋበት፣ በሥራ ፈትነት መከሰስም ይመጣ ነበር። ገጣሚው ብሮድስኪ በ1964 አምስት ዓመት የተፈረደበት በዚሁ ክስ ነው። የጋሊች ስም ከጻፋቸው ፊልሞች ላይ ተፋቀ።

ሰኔ 25 ቀን 1974 አገሩን ለቆ ወጣ፤ መጀመሪያ ኖርዌይ፣ ቀጥሎ ሙኒክ፣ ቀጥሎ ፓሪስ። ከውጭ ወደ ሶቪየት ኅብረት በሚያሰራጨው በሬድዮ ሊበርቲ ይዘፍን ነበር፤ ሞስኮ ያለው ሰው በአጭር ሞገድ ላይ መንግሥት ጣቢያውን ለማፈን የሚለቀውን ጩኸት እየሸሸ ያንኑ ድምፅ መልሶ በቴፕ ይቀዳው ነበር። ታኅሣሥ 15 ቀን 1977 ፓሪስ ቤቱ ውስጥ አዲስ ለገዛው ስቴሪዮ አንቴና ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ያዘውና ሞተ። የደራስያን ማኅበር አባልነቱን የመለሱለት በ1988 ነው።

ስታዳምጪው ተጠርጎ የተስተካከለውን ትተሽ እንግዳ ሲያስልና ሲስቅ የሚሰማበትን የቤት ቅጂ ፈልጊ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ