«ተናገርና ውጣ» ለምንል ዘመዶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በደሴ ከተማ በእኛ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ቡና ላይ የሚነሣው ወሬ አንድ ነው። መካኒክ የሆነ የጎረቤታችን ልጅ ለጥገና ከገባ መኪና ላይ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ተይዞ ነበር፤ መርማሪ ፊት ሲቀርብ ስሙን፣ ዕድሜውንና አድራሻውን ከተናገረ በኋላ በቀረው ጉዳይ ላይ ቃል እንደማይሰጥ አስታውቆ ዝም አለ። እንዲህ ማድረግ እንደሚችል የነገረችው በቅርቡ የጥብቅና ፈቃድ አውጥታ በአባቷ ቢሮ ሥራ የጀመረች ወጣት ጠበቃ ናት። ይህ ከተሰማ ወዲህ በሰፈሩ ዘንድ ከልጁ ይልቅ የተከሰሰችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። «ባይሠራው ኖሮ አልሠራሁም ይል ነበር» የሚለው ብዙ ነው፤ «አባቷ እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም፣ ይህቺ የፊልም ጥብቅና ነው የያዘችው» ያሉም አሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ጠበቃዋ ትክክል ናት፣ ተሳስተን የኖርነው እኛ ዘመዶች ነን ብዬ ስለማምን፣ ከተሳሳቱትም አንዱ እኔው ስለሆንኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የራሴን ላስቀድም። ከሦስት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል መጋዘን የሚሠራ የእህቴ ልጅ፣ ቆጠራ ሲደረግ ዕቃ ጎደለ ተብሎ ተያዘ። እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ደረስኩ። ምሳውን ይዤ ስገባ ልጁ ገና ቃሉን አልሰጠም ነበር። ያን ጊዜ ያልኩት ነገር ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ምን የምትደብቀው ነገር አለህና ነው? ያለውን እንዳለ ተናገርና ውጣ።» ዕድሜውን ሙሉ የወንጀል መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ይህን አለ። ልጁም ታላቁን አክብሮ አጎቱ እንዳለው አደረገ።

ቃሉን በኋላ አነበብኩት፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መርማሪው የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበር ሲጠይቀው «በእኔ እጅ ነበር» ብሏል። እውነቱን ነው። ነገር ግን በሥራ ቦታው እንደተለመደው ምሳ ሲወጣ ቁልፉን ለተረኛው ጥበቃ ይተውለት እንደነበር አልተጠየቀም፤ እሱም በድንጋጤ ላይ ስለነበር አላነሣውም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «የመጋዘኑ ቁልፍ ከእኔ በስተቀር በሌላ ሰው እጅ አይገኝም» የሚል ነው። ቡና ላይ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ሁለቱ አነጋገሮች ያው ናቸው፤ በክስ መዝገብ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ያስከትላል፣ ሁለተኛው በሩን ይዘጋል። መርማሪው ሆን ብሎ አጣመመው አልልም። የሰው ንግግር ወደ መዝገብ ቋንቋ ሲገለበጥ እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጸሐፊው ያሳጥራል፣ ያጠብቃል፣ የተናጋሪው ማመንታት ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ቃሉ ተነበበለት፣ ደክሞታል፣ እናቱም በር ላይ ትጠብቃለች፤ ፈረመ።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ በዋስ ወጣ። ያቺ አንዲት መስመር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ስትከተለው ቆየች። የጥበቃው ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ይህን በጣቢያ ቃልህ ላይ ለምን አላልከውም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በመጨረሻ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ክሱን የሚያስረዳ ነገር ባለመገኘቱ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። ሥራውን ግን በዚያው አጥቷል፤ እህቴም ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ፊት ለፊት ወቅሳኝ ባታውቅም፣ ስለ ልጇ ሥራ ሲነሣ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

አሁን «የፊልም ጥብቅና» ወደተባለው ልምጣ። ተጠርጣሪ ያለመናገር መብት እንዳለው ይነገረው የሚለውን ነገር ብዙ ሰው ከአሜሪካ ፊልም የሰማው ይመስለኛል። እኛ አገር ግን ከዚያ ቀድሞ በሕግ ተጽፏል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ላይ፣ ተጠርጣሪው ማንነቱና አድራሻው ከታወቀ በኋላ ስለቀረበበት ክስ ወይም አቤቱታ ሊጠየቅ እንደሚችል ከገለጸ በኋላ፣ መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ ያለመመለስ መብት ያለው መሆኑና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል እንዲነገረው ያዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፊልም የምንሰማውን ማስጠንቀቂያ ለፖሊስ ግዴታ ያደረገው ሚራንዳ በተባለው ጉዳይ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1966፣ በእኛ በ1958 ዓ.ም. ነው። ከእነሱ የተበደርነው ፊልሙን እንጂ ሕጉን አይደለም። ከዚያም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ደነገገ፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመትና በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ እንዲቀርብ እንደማይገደድ ጨመረበት። የጎረቤታችን ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስሙንና አድራሻውን አልደበቀም፤ ከዚያ ያለፈውን አልመልስም አለ።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ዕድሜ ካለው እኛ እንዴት አልለመድነውም? እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቻችን ፍርድ ቤትን ያወቅነው በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። የጠበቃዋ አባት ቢሮ ራሱ ለዚህ ማሳያ ነው። እሳቸውና ታላቅ ልጃቸው በፍቺ፣ በውርስ፣ በቀለብና በልጅ አሳዳጊነት ክርክር የታወቁ ናቸው፤ ከሰፈራችን ቢያንስ ግማሹ ቤት አንድ ጊዜ የዚያን ቢሮ ደረጃ ወጥቷል። በዚያ ዓይነት ክርክር ዝም ማለት ያስረታል። ከሳሽ ባቀረበው ክስ ላይ የተጻፈውን ፍሬ ነገር ተከሳሹ ለይቶ ካልካደ እንዳመነ ይቆጠርበታል፤ መልሱን በቀጠሮው ካላቀረበም ጉዳዩ እሱ በሌለበት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ጠበቃው ደንበኛቸውን «ቶሎ መልስ ስጥ፣ አንዷንም ሳትዘል ካድ» ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። እኛ ይህን ትምህርት ከውርስ ክርክሩ ይዘን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገባን። በወንጀል ግን የማስረዳቱ ሸክም ያለው በዐቃቤ ሕግ ላይ ነው፤ የተጠርጣሪው ዝምታ የጎደለውን ማስረጃ አይሞላም። አባትና ልጅ በአንድ ቢሮ ተቀምጠው ተቃራኒ የሚመስል ምክር ቢሰጡ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት አይደለም።

ከሕጉም በፊት ልማዳችን አለ። በድሮው «በላ ልበልሃ» ሙግት አንደበቱ የተያዘበት ሰው ነገሩ እውነት ቢሆንም መረታቱ አይቀርም ነበር። ወንጀለኛ ሲፈለግ ሕዝቡ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር፤ እዚያ ዝም ማለት መደበቅ ነው። ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ሰውም የልጅቱን ዝምታ እሺታ አድርጎ ሲወስድ ኖሯል (ያም ቢሆን ዛሬ ሕጉ አይቀበለውም፤ ጋብቻ የሁለቱን ነፃና ሙሉ ፈቃድ ይፈልጋልና)። በወሏችን ደግሞ ደም የተቃባ ወገን አበጋሮች (የእርቅ ሽማግሌዎች) ፊት ሲቀርብ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን አምኖ ይናገራል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ደሙ ይደርቃል። ይህን ሥርዓት እኔም አከብረዋለሁ፤ በልጅነቴ ከአያቴ ጋር ሄጄ ያየሁት እርቅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ነገር ግን አበጋሩ የሚሰማው ሊያስታርቅ ነው። መርማሪው የሚሰማው መዝገብ ሊያደራጅ ነው፤ ሥራውም ይኸው ስለሆነ አይወቀስበትም። ስህተቱ የእኛ ነው፤ መርማሪውን እንደ አበጋር ቆጥረን፣ እውነቱን ከተናገረ ነገሩ እዚያው ያልቃል ብለን ልጆቻችንን እናቀርባቸዋለን።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ የውርስ ጉዳይ እዚያ ቢሮ በሄድኩበት ጠበቃዋን አገኘኋትና «ልጄ፣ ለምን ዝም አስባልሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። የሚወራባትን ሁሉ ሳትሰማ አልቀረችም፤ ፊቷ ላይ ድካም ይታያል። «ጋሼ፣ ዝም አላስባልኩትም፤ ዝም ማለት እንደሚችል ነው የነገርኩት። ምን እንደያዙበት ሳላውቅ ስለ ምን መልስ ስጥ ልበለው?» አለችኝ። ቀጥላም የሚጠቅመው ነገር ካለ ተረጋግቶ፣ አስቦበት፣ እሷ ባለችበት ሊናገር እንደሚችል አስረዳችኝ። እኔም ዝምታ ሁልጊዜ ይበጃል ብዬ አልከራከርም። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያስረዳ ምስክር ያለው ሰው ፈጥኖ ቢናገር ምስክሩ ሳይርቅ፣ ነገሩም ሳይረሳ ሊጣራለት ይችላል። መብት ሲባል ግን ምርጫው የተጠርጣሪው ነው ማለት ነው፤ የአጎት፣ የእናት ወይም የሰፈር አይደለም።

ዕቃው የጠፋበት ሰው ምን ይበል የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው። እሱም ጎረቤታችን ነው፣ ንብረቱም ላቡ ነው። ጥፋተኛም ቢሆን በዚህ መብት ሊጠቀም እንደሚችል አልክድም። ሆኖም ምርመራ በተጠርጣሪ አፍ ብቻ አይቆምም፤ ምስክር አለ፣ ብርበራ አለ፣ የጋራዡ መግቢያና መውጫ መዝገብ አለ። አንድ ጉዳይ ልጁ ካልተናገረ የሚፈርስ ከሆነ መጀመሪያውኑ ስስ ነበር ማለት ነው። በመዝገብ ቤት ሳለሁ ያየሁት ሌላም ነገር አለ፤ በጣቢያ የተሰጠ ቃል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መዝገብ ችሎት ሲቀርብ፣ ተከሳሹ ተገድጄ ነው ይላል፣ ክርክሩ ስለ ሌብነቱ መሆኑ ይቀርና ቃሉ እንዴት ተገኘ ወደሚለው ይዞራል። ባለንብረቱ በዚህ ምንም አይጠቀምም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ኮምቦልቻ የፋብሪካና የደረቅ ወደብ ከተማ ናት፤ ከከሚሴም ከባቲም ከአፋርም የመጣ ሾፌር፣ ረዳትና ጫኝ አውራጅ ይውልባታል። ሕገ መንግሥቱ ለተያዘው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም የሚጻፍበትን ቋንቋ የማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። ገበያ ላይ አማርኛ የሚገበያይ ሰው «የሚሰጡት ቃል በማስረጃነት ሊቀርብብዎ ይችላል» የሚለውን ይረዳል ማለት አይደለም። አማርኛ አፉን የፈታበት የእህቴ ልጅ እንኳ አልተረዳውም።

ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ወጣቷ ጠበቃም ሁሉንም ጣቢያ አታዳርስም። ያለመናገር መብት ግን ጠበቃ ላለውም ለሌለውም እኩል የተሰጠ ነው፤ ከተያዘው ሰው ጋር ቀድሞ የሚገናኘው ምግብ ይዞ የሚሄደው ዘመድ ስለሆነም መብቱን ለማስታወስ ቅርብ የሆነው እሱ ነው። እኔ በዚያ ቀን ምሳውን አቀብዬው «አይዞህ» ብዬ ብመለስ ይበቃው ነበር።

በመጨረሻ ለሚመለከታቸው የፖሊስ ኃላፊዎች አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ጥያቄ ናት። በእህቴ ልጅ ቃል መቀበያ ላይ መብቱ እንደተነገረው የሚገልጽ መስመር በቅጹ ላይ ታትሞ አለ፤ ልጁም ከሥሩ ፈርሟል። እሱ እንደሚለው ግን ያንን መስመር ያየው ሁሉንም ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ፣ «እዚህም ላይ ፈርም» ሲባል ነው። ቃሉ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት ተጽፏል፤ መብቱ የተነገረበት ሰዓት ግን አልተጻፈም፣ ለእሱ የተተወ ክፍት ቦታም ቅጹ ላይ የለም። ያቺ ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት በቃል ትነገር፤ የተነገረችበት ሰዓትም ቃሉ ከተጀመረበት ሰዓት በላይ ባለው መስመር ላይ በእስክሪብቶ ትጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከደሴ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ የታወቀ ነው)