ሻይ ጠጪው ሰውዬ

አብሮ አደጌ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ለምን እንደተጠፋፋን መመርመሩን እንተወውና በቀጥታ ወሬ ልጀምር።

ያ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የስቲንግ ዘፈን ትዝ ይልሃል? «ኢንግሊሽማን ኢን ኒውዮርክ»፣ እንግሊዛዊ በኒውዮርክ እንደማለት። ቡና ትቶ ሻይ ስለሚጠጣው ሰውዬ። ብዙ ሰው ስቲንግ ስለራሱ የዘፈነው ይመስለዋል። የዘፈነው ግን ክዌንቲን ክሪስፕ ለሚባል ወዳጁ ነው።

ክሪስፕ በፈረንጆቹ 1908 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ገና በወጣትነቱ ፀጉሩን ቀለም ቀብቶ፣ ተኳኩሎ፣ የለንደንን መንገድ ለብቻው የሚያቋርጥ ሰው ነበር። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነቱን አልደበቀም። ይህ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1967 ድረስ ወንዶችን የሚያሳስር ወንጀል እንደነበር አስበው። መንገድ ላይ ተደብድቧል፣ ተሰድቧል። እሱ ግን አለባበሱን አልቀየረም። ለዓመታት የሥዕል ተማሪዎች ፊት ራቁቱን እየቆመ እንጀራውን በላ። ዝና ያገኘው ሸምግሎ፣ የሕይወት ታሪኩን ከጻፈ በኋላ ነው።

ከዚያ በ1981፣ በ72 ዓመቱ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ኒውዮርክ ገባ! ሌላው ጡረታ ወጥቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። ስልክ ቁጥሩን ማውጫው ላይ አስቀመጠ። ማንም ደውሎ እራት ልጋብዝህ ካለው ይሄዳል። አንተ ጎረቤትህን እንኳ በስሙ አላውቀውም ስትለኝ አልነበር?

ስቲንግም እራት ላይ ነው ነገሩን የሰማው። ክሪስፕ የዜግነት ወረቀቱን በጉጉት እጠብቃለሁ አለው። ለምን ቢባል፣ ከዚያ በኋላ ወንጀል ብሠራ ከአገር አያባርሩኝም! ምን ዓይነት ወንጀል? ሰው የማይጎዳ፣ ግን ሞገስ ያለው። እዚያው ወረቀት ስትጠብቅ የከረምከውን ሳስብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ዘፈኑ በ1987 አልበም ላይ ወጣ። ያ ልብ የሚሰርቀው ሳክስፎን የብራንፎርድ ማርሳሊስ ነው።

ሁሉም የስደት ዘፈን ይለዋል። እኔ ግን ሰውዬው ባይተዋር የነበረው ኒውዮርክ ሳይሆን ተወልዶ ባደገበት አገር ይመስለኛል። የሞተው ደግሞ እዚያው እንግሊዝ፣ ማንችስተር ነው። በ1999 የመድረክ ሥራውን ሊያቀርብ በሄደበት፣ 91 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው።

ክሊፑን ዩቲዩብ ላይ ፈልገው፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ኮፍያ ያደረገው ሽማግሌ ራሱ ክሪስፕ ነው። እናቴ ስልክህ ተቀይሯል ወይ እያለች ስለምትጨቀጭቀኝ አዲሱን ቁጥር ላክልኝ።

ያንተው