አሮጊቷን ሚኒባስ ላተረፋችሁልኝ ሁሉ

የአዘዞ ዳገት ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ግማሹ ጎንደር ሳይሰማ አልቀረም፤ ሰው መልሶ ሲነግረኝ እኔ ራሴ የማላውቀው ነገር ሁሉ ተጨምሮበታል። ተማሪ የማመላልስባት ሚኒባሴ ሞተሯ ፈላ እንጂ አልተቃጠለችም። የወጣው እንፋሎት ነው። ልጆቹም አንዳቸውም አልተነኩም፣ እመብርሃን ትመስገን። ስለዚያች ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ የተነሳሁት ለማመስገን ነው።

መጀመሪያ መካኒኩን፣ ጋሼን። ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል፣ አልጽፍም። ጋራዡ የት እንደሆነም አትጠቁሚ፣ ሰው ይበዛብኛል ብለዋል። እሱንም ቅር እያለኝ እሺ ብያለሁ።

እሳቸው ዘንድ የደረስኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ከዚያ በፊት ያሳየኋት ጋራዥ ቁርጡን ነግሮኝ ነበር። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል፣ ሞተሩ ይከፈት፣ ገንዘብ አዘጋጂ። የትኛው ጋራዥ እንደሆነ አልናገርም፤ ለምስጋና በተነሳሁበት ቀን የሰው ስም አላነሳም። የተጠየቅኩትን ብር ስሰማ ግን ሚኒባሷን በብረት ዋጋ ልሸጣት ነበር። ልጆቼን የማሳድገው በእሷ ነው። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ከሸጥኳት በኋላ ምን እንደምሠራ አስብ ነበር፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ገንዘብ አይደለም። «እታለም፣ የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድለው ቆማ ነው ስትሄድ?» አሉኝ። ስትሄድ ነው። ማታ ሞልቼ ባሳድራት ጠዋትም እንደሞላች ናት፤ ከሥሯ ጠብታ የለም። ልጆቹን አድርሼ ስመለስ ግን ጎድላ አገኛታለሁ። «እግርሽ ሥር ምንጣፉ ይረጥባል? መስታወቱን ከውስጥ ላብ ያስቸግርሻል?» የለም። «ጭሷ ነጭ ነው?» አይደለም። የዘይት መለኪያውን መዘዙ። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ውሃ ገብቶበት አልነጣም። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው «አስነሺው» አሉኝና አንገቱ ላይ አቀርቅረው ቆዩ። «ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ቢሆን እዚህ አረፋ ይንደቀደቅ ነበር። ይኸው ዝም ብሏል። ቴስታታ ይከፈት ያለሽ ማነው?» ዝም አልኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም።

ቀጥለው ያወጡትን መሣሪያ ባያችሁት። አሮጌ የራዲያተር ክዳን ነው፤ መሀሉን በስተው የጎማ ቫልቭ በይደውበታል። ቫልቩ ላይ የብስክሌት ፓምፕ ይሰካል፣ ፓምፑ ደግሞ ትንሽ ጌጅ አለው። ይህን የራዲያተሩ አንገት ላይ ገጥመው ቀስ እያሉ ነፉ። የሚኒባሷ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚችለው ግፊት ነው። «ከዚህ አናልፍም። ካለፍን ደህናውንም እኛው እንቀደዋለን» አሉ።

ለምን እንደሚነፉም አስረዱኝ። ማስረዳት አልነበረባቸውም፣ ግን አስረዱኝ። ቆማ ስትቀዘቅዝ ውስጧ ግፊት ስለሌለ ትንሽ ቀዳዳ አታፈስም። ስትሞቅ ግፊቱ ይነሳል፣ ያቺው ቀዳዳ መርጨት ትጀምራለች። የሚወጣው ደግሞ ትኩስ ስለሆነ መንገድ ላይ ተንኖ ያልቃል፤ ለዚያ ነው ቤት ጠብታ የማይገኘው። በፓምፕ ሲነፋ ሞተሩ ሳይሞቅ ግፊቱ ብቻ ይመጣል። እጅ አይቃጠልም፣ ጠብታውም አይተንም።

የጌጁ ቀስት ቀስ እያለ ወረደ። የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ግን የት? ራዲያተሩ ደረቅ ነው። ማኒኮቶዎቹ (የውሃው የጎማ ቱቦዎች) ደረቅ ናቸው። የውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ፓምፑ ሲያረጅ የሚያለቅሰው በእሷ በኩል ነው። ባትሪ አበሩባት፣ እሷም ደረቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ ፓምፑን ቀይሪው፣ ራዲያተሩንም ቀይሪው ብሎ ይሸኛል። ጋሼ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ መሬት ላይ በጀርባቸው! እኔ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ከፊት ጀምረው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ እየተንፏቀቁ ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ቆሜ ደከመኝ። በመጨረሻ «እታለም፣ ነይ እዪ» አሉ።

ተንበርክኬ አየሁ። ወደ ኋላው ሂተር (ማሞቂያ) የሞተሩን ውሃ የሚወስዱና የሚመልሱ ሁለት የብረት ቱቦዎች ከወለሉ ሥር ያልፋሉ። ከተሳፋሪ ወንበር ሥር፣ ከራዲያተሩ እጅግ ርቀው። አንደኛው ቱቦ በማሰሪያ ከወለሉ ጋር የተያዘበት ቦታ ላይ ዝገቱ አብጧል። ዙሪያውን የደረቀ ሮዝማ ቅርፊት ይዞታል፣ ጨው የመሰለ። ከቅርፊቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

«ይቺ ናት» አሉ።

አለቀስኩ። ረዳታቸው ልጅ ሰው የሞተብኝ መስሎት ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። አንተ ልጅ፣ ተባረክ! ከሻይ ቤቷ ወንበር ተውሰህ ያስቀመጥከኝንም አልረሳሁም።

ከእኔ በፊት የነበራት ሰው ለዓመታት ተራ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ዝገት የሚከላከል ነገር አለው፤ የቧንቧ ውሃ ያ የለውም። ልበየደው ቢሉ ደግሞ የሳሳ ብረት ነው፤ «እሳቱ ጎኑን ይበላዋል፣ ዛሬ እዚህ ዘግተን ነገ እዚያ ይፈነዳል» አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ቱቦዎች ፊት ላይ ቆረጧቸውና ሙቀት በሚችል የጎማ ቱቦ እርስ በርስ አገናኟቸው። ውሃው ኋላ ድረስ መሄዱ ቀርቶ ከዚያው ይመለሳል። የኋላው ሂተር ቀረ። ድሮም ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

ስትፈታ የፈሰሰውን ኩላንት አንድ ውሻ ሊልስ ሲጠጋ ጋሼ ሥራቸውን ጥለው ሮጡ። ለካ ይጣፍጣል፤ ኩላሊቱን ጨርሶ ይገድለዋል። ውሻውን አባረው፣ አሸዋ አልብሰው፣ አሸዋውን አፍሰው ነው ወደ ሥራቸው የተመለሱት። ስለ እሳቸው ሌላ ምንም ባላውቅ ይቺ ትበቃኝ ነበር።

ሾፌር ወንድሞቼ «ተርሞስታቱን አውጥተሽ ጣይው» ብላችሁኝ ነበር። ለምክሩ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ ግን ተቆጥተዋችኋል። ተርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ እሱ የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ያረጃል። አውጥተው በጣሳ ውሃ ቴርሞሜትር ከትተው አፈሉት፤ 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ጀመረ፣ የተጻፈበትም 82 ነው። ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። የተጣለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ክፍት ጣሳ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ግን እስከ 110 እና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። «ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይዘሽ ዳገት ከወጣሽ ሞተሩ ደህና ሆኖም ይፈላብሻል» አሉ። ይህን ለሁላችሁም ንገሪልኝ ስላሉ ነው የጻፍኩት።

ሲሞላም እንዲሁ አልተሞላም። ኩላንቱና ዲስትልድ ውሃው እኩል ለእኩል ተቀላቀለ። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ዳገት ላይ ቆመች፣ ክዳኗ ተከፈተ፣ የፊት ሂተሯ እስከ መጨረሻ ተለቀቀ። አየሩ ብቅ ብቅ እያለ ወጣ፣ ውሃው ወረደ፣ ተጨመረ፣ ደግሞ ወረደ። ከዚያ አዘዞ ወርደን ያንኑ ዳገት ወጣን። የሙቀት ጌጁን ሳይ መንገዱን ማየት ረስቼ ጋሼ «ፊትሽን እዪ!» ብለው ጮኹብኝ። ቀስቱ ከመሀል ንቅንቅ አላለም።

ሂሳብ ላይ ተጣላን። እኔ ልጨምር እላለሁ፣ እሳቸው ይቀነስ ይላሉ። ሞተር አውርደው ቢሆን ስንት ያገኙ ነበር! ጋሼ፣ ይህን ሰው እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ብድርዎን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ጉልበትዎን ያድስልኝ። ያቺን ሳል ደግሞ ሐኪም ይይልዎት።

ዳገቱ ላይ ቆሞ፣ የሚፈላውን ክዳን ሊከፍት የተንደረደረውን ጎረምሳ በክርኑ ገፍቶ ያስቆመው የአይሱዙ ሾፌር፣ ታርጋህን እንኳ አላየሁም። «አይከፈትም! ቀዝቃዛ ውሃም እንዳትደፉበት፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል!» ስትል ድምፅህ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የዚያን ጎረምሳ ፊት አትርፈሃል፣ ሞተሬንም።

ልጆቹን ጥላ ሥር አስቀምጣ ቆሎ ያደለቻቸው እናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳንቲም አልቀበል ብለሻል።

ቅዳሜ ገበያ ቱቦና ክዳኑን በዱቤ የሰጣችሁኝ፣ ልጆቹን በግማሽ ሂሳብ ያመላለሳችሁ ባጃጆች፣ ሲያረፍዱ ዝም ያላችሁ መምህራን፣ ሌላ ሰርቪስ ሳትፈልጉ የጠበቃችሁኝ ወላጆች፣ ሁላችሁም ክፉ አይንካችሁ።

እንቁላል ነጩን ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሪበት ያልሽኝ ጎረቤቴም አለሽ። ጾም ነው ብልሽ «ሞተር አይጾምም» ያልሽው ነገር በዚያ ሰሞን የሳቅኩባት ብቸኛ ነገር ናት። እንቁላሉ ግን ቀርቷል፤ ጋሼ እንዳሉት ከቀዳዳው በፊት ራዲያተሩን ነው የሚደፍነው።

ያልጠቀስኳችሁ ብዙ ናችሁ፣ ይቅር በሉኝ። ስልክ የደወላችሁ፣ ቤት የመጣችሁ፣ ስለት የተሳላችሁልኝ። አንዳንዶቻችሁን በመልክ እንጂ በስም አላውቃችሁም። መንገድ ላይ ካየሁ ጡሩምባ አደርግላችኋለሁ።

ሰኞ ሰርቪስ ይጀምራል፣ በድሮው ሰዓት፣ ከማራኪ ተነስቼ። ከተራና ጥምቀት መንገዱ ስለሚዘጋ አልወጣም። የኋላ ሂተር ስለሌለን ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ሹራብ ደርቡላቸው።